ዜሮዎቹን ስንሞላ

ጥር 6

ጠዋት እንደ ሁልጊዜው ከጋሼ ጋር በመኪና። ቀይ መብራት በያዘው ቁጥር መሪውን በጣቱ ይደበድባል። ዜማ የለውም... መቸኮሉ ነው። የተቋሙ በር ላይ ጥበቃው ብድግ ሲልለት መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ጤናውን ጠየቀው። እስከዚያ በር ድረስ ጋሼ ነው፣ የእናቴ ታላቅ ወንድም። «አንተ» እለዋለሁ። ከበሩ ወዲያ ፕሮፌሰር ነው፣ «እርስዎ» ይሆናል። እስካሁን ተሳስቼ አላውቅም። እሱ ግን የትም ቦታ «ሒሳቤ» ነው የሚለኝ። ልጅ ሆኜ ያወጣልኝ ስም ነው።

ቀኑ ተራ ነበር። ከታማሚዎች ሳንባ የተወሰዱት አዲሶቹ ሴሎች ተነብበው መጡ። ሳንባ እየጠጠረ ሄዶ ትንፋሽ የሚያሳጣውን በሽታ ነው የምናጠናው። እያንዳንዱ ሴል አንድ ረድፍ፣ እያንዳንዱ ጂን አንድ ዓምድ፣ ውስጡ ደግሞ ጂኑ በዚያ ሴል ውስጥ ስንት ጊዜ እንደተሰማ። ሠንጠረዡን ስከፍተው ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ... አልፎ አልፎ አንድ። እማ አንድ ቀን ከኋላዬ ቆማ አይታ «ይኼን ሁሉ ባዶ ለመቁጠር ነው ዕድሜሽን ትምህርት ቤት የፈጀሽው?» አለችኝ። ጋሼ ከሳሎን ሰምቶ ሳቀ። «እህት ዓለም፣ ባዶም እኮ ሁለት ዓይነት ነው!»

እውነቱን ነው። አንዱ ባዶ ጂኑ ዝም ስላለ ነው። ሌላው ባዶ ጂኑ እየተናገረ ማሽኑ ስላልሰማው ነው። ሲያዩዋቸው ግን ልዩነት የላቸውም። ጋሼን ስም ያስጠራው ለዚህ ያወጣው ስሌት ነው። «መሙያው» እንለዋለን። አንድ ሴል ላይ ባዶ ሲገኝ የሚመስሉትን ጎረቤት ሴሎች ይጠይቅና በእነሱ ልክ ይሞላዋል። ከተሞላ በኋላ አብረው ከፍ ዝቅ የሚሉት ጂኖች መስመር ይሰመርላቸዋል። መረብ ይሆናል። የእኛ መረብ መሃል ላይ መስመሩ ሁሉ የሚገባበት አንድ ጂን አለ። የወረቀት ስሙ ፊደልና ቁጥር ነው፤ እኛ «አውራው» እንለዋለን፣ እንደ አውራ ንብ። አውራው ከጠፋ ንቡ ይበተናል፣ አውራው ከተዘጋ በሽታው ይበተናል... ነው የሚባለው። ሚያዝያ ላይ ሆስፒታሉ አውራውን የሚዘጋ መድኃኒት በሰው ላይ መሞከር ይጀምራል።

ራት በላን። ጋሼ ዜና አየ፣ እማ የሸሚዙን ቁልፍ ተከለችለት። ሌላ ምን አለ? ምንም።

ጥር 13

ጠብታ ምሳ ላይ ምግቧን ሳትነካ ተቀምጣ ነበር። ሴሎቹን በሕይወት የምታሳድገው እሷ ነች። ስሙን ያወጣሁላት እኔ ነኝ፤ ፈሳሽ በጠብታ ስትለካ እጇ ውልፍት አይልም።

«አውራውን ዘጋሁት» አለችኝ።

«እና?»

«ምንም። ሌሎቹ ጂኖች ንቅንቅ አላሉም። ሰምተው እንዳልሰሙ።»

ከሰዓት ስብሰባው ላይ ተናገረች። ፕሮፌሰር መነጽሩን አወለቀ።

«አልተዘጋም ማለት ነዋ።»

«ተዘግቷል። ለክቼዋለሁ። ከነበረው ከአሥር አንድ እጅ እንኳን አልቀረም።»

«እንግዲያው ሴሎቹ ታመዋል። ድገሚው።»

«ልክ ነው» አለ ልክ ነው። የዶክትሬት ተማሪው ነው። ሌላ ቃል ሲናገር የሰማው ሰው ስለሌለ ስሙ ይኸው ሆኖ ቀረ።

እኔ? ዝም። የመረቡ ሥዕል ግድግዳው ላይ በትልቁ ተለጥፏል። እሱን አያለሁ።

ጥር 20

ራት ላይ ጋሼ የጠብታን ነገር አነሣ። «መልካም ልጅ ነች፣ ግን እጇ ይቸኩላል» አለ። እጇ! የጠብታ እጅ!

«ታዲያ ሌላ ሰው አታስገባም?» አለች እማ፣ ዳቦ እየቆረሰችለት። ስለ ሴል የምታውቀው ነገር የለም። ወንድሟ የጀመረውን መጨረስ ነው ሥራዋ። ቤታችን እንዲህ ነው። እሱ ይጀምራል፣ እኛ እንሞላለን።

«ሒሳቤ፣ ምነው ዝም አልሽ?»

«ደክሞኝ ነው ጋሼ።»

«ሾርባሽን ጨርሺ።»

ጨረስኩ። ሠላሳ ዓመት አልፎኛል። ሾርባሽን ጨርሺ ተብዬ ጨረስኩ።

ጥር 29

ደገመችው። ያው።

ቀዝቃዛው ክፍል ውስጥ አገኘኋት። ካፖርቷን ደርባ ቆማ ጣቶቿን ታያለች።

«ትናንት ሻይ ስቀዳ እንኳን እጄን መጠበቅ ጀመርኩ» አለች። «ባለቤቴ ምን ሆነሻል ይለኛል። ምን ልበለው? የገዛ እጄን ማመን አቃተኝ ልበለው?»

«እጅሽ ምንም አልሆነም።»

«ታዲያ ምኑ ነው የሆነው?»

ምኑ ነው?

የካቲት 3

ዛሬ ሁሉም ንግግር ሊሰሙ ወደ ትልቁ አዳራሽ ሄዱ። ራሴን አሞኛል ብዬ ቀረሁ። ከጠብታ ጥያቄ ወዲህ አንድ ነገር ውስጥ ውስጡን ሲበላኝ ነበር።

መረቡ እውነት መሆኑን የምናረጋግጠው እንዲህ ነው። ሠንጠረዡን እንደ ካርታ እንበውዘዋለን። የአንዱ ሴል ቁጥር ለሌላው ይደርሳል፣ በጂኖቹ መካከል የነበረ ዝምድና ሁሉ ይጠፋል። ከተበወዘው ላይ መረብ ካልወጣ፣ ከዋናው የወጣው መረብ የአጋጣሚ አይደለም ማለት ነው። ሁሌ እናደርገዋለን። ሁሌም ከተበወዘው ምንም አይወጣም። ሁሌም ደስ ይለናል።

ግን የምንበውዘው ከሞላን በኋላ ነው። ከመሙላታችን በፊት ብንበውዘውስ?

በወዝኩት። ከዚያ መሙያውን ለቀቅኩበት። ከዚያ መስመሮቹን አሰመርኩ።

መረብ መጣ። አውራው መሃል ላይ።

ምንም ዝምድና የሌለበት ሠንጠረዥ እኮ ነው! ዝምድናውን ያጠፋሁት እኔው ነኝ! ... ተነሥቼ የክፍሉን በር ዘጋሁት። ኮሪደሩ ላይ ማንም አልነበረም። ለምን እንደዘጋሁት አላውቅም።

የካቲት 4

ሌላ ብወዛ፣ ያው መረብ። ሌላ፣ ያው።

የገባኝ መሰለኝ። ሠፈር ውስጥ ወሬ ያልደረሰው ሰው ጎረቤቱን ይጠይቃል። ጎረቤቱ የሰማውን ያካፍለዋል፣ እሱም ለሚቀጥለው... ቀኑ ሳይመሽ ሠፈሩ በሙሉ አንድ ወሬ ያወራል። ወሬው እውነት ስለሆነ አይደለም፣ ስለተጠያየቁ ነው። ሴሎቹም እንዲሁ። ተጠያይቀው ከተሞሉ በኋላ አብረው ከፍ ዝቅ ቢሉ ምን ይገርማል? አውራውም አውራ የሆነው ጩኸታም ስለሆነ ብቻ ነው። ከሌሎቹ ይልቅ ብዙ ጊዜ ይሰማል፣ ዜሮው ያንሳል፣ የሁሉም ወሬ ወደ እሱ ይሳባል።

ጠብታ ትክክል ነች። ከመጀመሪያው ትክክል ነበረች።

የካቲት 5

አልነገርኩትም።

የካቲት 7

እሷንም አልነገርኳትም። ሦስተኛ ጊዜ ልትደግመው ሴል እያሳደገች ነው። በመስታወቱ ሳያት ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ እጇን እያናገረችው ይመስለኛል። ገብቼ «ተይው፣ አትልፊ» ልላት በሩን ያዝኩ። ከዚያስ? «ለምን?» ትለኛለች። ለምን የሚለው መልስ ደግሞ ቤቴ ነው ያለው፣ ከእናቴ ጋር ዜና ያያል።

የካቲት 10

ማታ። ልብስ ስናጥፍ እማን ሞከርኳት።

«እማ፣ ጋሼ ሥራው ላይ ተሳስቶ ቢሆን...»

እጇ ቆመ። «ማነው የሚለው?»

«ማንም። ዝም ብዬ ነው።»

«ዝም ብለሽማ አይደለም።» የእሱን ሸሚዝ አንሥታ እጅጌውን በመዳፏ ደለደለችው። «አባትሽ ሲሞት ዘመድ አዝማዱ ለቅሶውን ደረሰና ሄደ። ያንቺን እጅ ይዞ ወደዚህ ቤት ያስገባን እሱ ነው። ትዳር ያልያዘው ሴት አጥቶ ይመስልሻል? እኛን ብሎ ነው። ስሚኝ ልጄ፣ ያ ሰው ለኔ ሲሳሳትም ልክ ነው።»

ሲሳሳትም ልክ ነው። ይህ በስሌት እንዴት ይጻፋል?

የምተኛበት ክፍል የእሱ። የምቀመጥበት ወንበር የእሱ። የማስብበት ዘዴ ሳይቀር የእሱ። ከእሱ ቤት ወጥቼ እሱ ቤት ነው የምገባው።

የካቲት 15

መኪና ውስጥ ልነግረው ወስኜ ነበር። ስንነሣ በሮቹ ቀጭ ብለው ተቆለፉ። ሁሌ ይቆለፋሉ፣ ዛሬ ግን ሰማሁት።

«ጋሼ...» ስል እሱም «ትናንት ሆስፒታል...» አለ። አንድ ላይ ሆነብን።

«ቀጥል» አልኩት።

ሆስፒታል አንዲት ታማሚ አግኝታው ነበር። የኦክስጂን ጋሪዋን እየጎተተች መጥታ እጁን ሳመችው። «ልጄን እስክድር ያቆዩኝ፣ ሌላ አልለምንም» አለችው። ይህን ሲነግረኝ ድምፁ ተሰበረ። ጋሼ! የአባቴ ቀብር ላይ እንኳን ድምፁ አልተሰበረም።

«አንቺስ ምን ልትዪ ነበር?»

«ኧረ ረሳሁት።»

መስኮቱን ትንሽ ዝቅ አደረግሁ። «ብርድ ይገባል» አለና በራሱ በኩል ተጭኖ ዘጋው።

የካቲት 16

ያቺ ሴትዮ ከዓይኔ አልጠፋ አለች። የማይሠራ መድኃኒት ስትጠብቅ የቀራት ትንፋሽ ያልቃል። ሌላ ቦታ ሌላ ሙከራ ቢኖርስ? አውራውን ብላ ያልፋታል። ዝም ማለት ምንም አለማድረግ ይመስለኝ ነበር። አይደለም ለካ...

የካቲት 21

ነገርኩት። ቤት ውስጥ፣ ንባብ ክፍሉ። አንኳኩቼ ገባሁና ላፕቶፔን ፊቱ አስቀመጥኩ። ብዙ አየው። ይቆጣል ብዬ ነበር። አልተቆጣም። እንደ ተማሪ አየኝ፤ እሱ ይብሳል።

«ሒሳቤ፣ ይኼ ፈተና ፍትሐዊ አይደለም። ሁሉን ከበወዝሽው ጎረቤት የሚባል ነገር የት ቀረ? የሳንባውን ሴል ከደሙ ሴል ጋር ደባለቅሽና ጎረቤት የሌለውን ጎረቤትህን ጠይቅ አልሽው። የማይረባ ጠየቅሽ፣ የማይረባ መለሰልሽ።»

እውነት አለው። የተናደድኩትም እውነት ስላለው ነው።

«ፍትሐዊውን ሠርቼ ልምጣ?»

«ሥሪ። ግን ለማንም ሳትተነፍሺ።»

ስወጣ ደስ ብሎኝ ነበር። ምናልባት እሱ ትክክል ይሆናል። ምናልባት ሁሉም እንደነበረ ይቀጥላል... እንዴት ያለ ደስታ ነው?

የካቲት 28

ሠራሁት። ማን የማን ጎረቤት እንደሆነ ከዋናው ሠንጠረዥ ላይ እንዳለ ወሰድኩ፣ አልነካሁትም። የበወዝኩት አንድ ዓይነት የሆኑትን ሴሎች ብቻ ነው፣ እርስ በርሳቸው። የሳንባው ከሳንባው፣ የደሙ ከደሙ። ከዚህ በላይ ፍትሕ ከየት ይመጣል? ከዚያ ሞላሁ።

አውራው መጣ። ትንሽ ሳሳ ብሎ፣ ግን መሃል ላይ።

ያለ መሙያም ሞከርኩ። ዜሮውን ዜሮ ነህ ብዬ ትቼ፣ የተሰማውን ብቻ እንደተሰማ ቆጥሬ። ጥቂት መስመሮች ቀሩ። አንዱም አውራው ጋ አይደርስም።

ወሰድኩለት። ቆሞ አየው። መጋረጃውን አስተካከለ። ከመደርደሪያው መጽሐፍ አወጣና ሳይከፍተው መልሶ ከተተው።

«ከሚያዝያ በኋላ እናየዋለን።»

«ጋሼ፣ ሚያዝያ ላይ እኮ ሰው ላይ ሊሞከር ነው።»

«መድኃኒቱ ሰው አይገድልም።»

«አያድንማ!»

«ሒሳቤ!»

እማ ኮሪደሩ ላይ ቆማ ነበር። ስወጣ መንገድ አልለቀቀችልኝም። በጎኗ ተሹለክልኬ አለፍኩ።

መጋቢት 3

የጠብታ ውል አይታደስም ተባለ። ሥራሽ አላስተማመነንም ብሏታል ፕሮፌሰር። ደግማ ደጋግማ ያንኑ ውጤት ያመጣችው ልጅ! ከዚህ በላይ ምን ያስተማምናል?

ዕቃዋን መሰብሰብ ስትጀምር ልረዳት ገባሁ። ተማሪው ልክ ነው ካርቶን ይዞላት አንገቱን ደፍቶ ቆሟል።

«የምትነግሪኝ ነገር አለ?» አለችኝ። ፊቴ ላይ ምን አየች?

«የለም።»

መጋቢት 4

የለም አልኩ። የለም!

መጋቢት 6

እንደሆነው ልጻፈው።

ዛሬ ስብሰባው ላይ የሆስፒታሉ ሐኪም መጥታ ነበር፣ ሙከራውን የምትመራው። ፈጣን ሴት ነች፣ ሰው ሲናገር ዓይን ዓይኑን ታያለች። ፕሮፌሰር መረቡን አሳያት። አበባ ይመስላል፣ ያምራል። «የሴል ሙከራውስ ምን አለ?» አለችው።

«የሠራችው ልጅ እጇ ይቸኩላል። በሌላ ሰው እናስደግመዋለን።»

ጠብታ እዚያው ነበረች። የመጨረሻ ሳምንቷ ነው። ከኋላ ወንበር ላይ፣ እጆቿን ከጠረጴዛው ሥር ደብቃ።

እጆቿን መደበቋ... ሌላው ሁሉ ሳይሆን እሱ ነው ያስነሣኝ።

«የእሷ ሙከራ ትክክል ነው» አልኩ። «የተሳሳተው መረቡ ነው።»

ሐኪሟ ወደ እኔ ዞረች።

«ቁጭ በይ» አለ ፕሮፌሰር፣ ቀስ ብሎ።

«ጋሼ፣ አንተም አይተኸዋል!»

ጋሼ። አንተ። በሰው ሁሉ ፊት። ከአፌ ሲወጣ ሰማሁት። የወጣ ቃል መመለሻ የለውም። ሐኪሟ አንዴ እሱን አንዴ እኔን አየች። ገመዱን ከእሱ ኮምፒውተር ነቅዬ የራሴ ላፕቶፕ ላይ ሰካሁት። የተበወዘውን አሳየኋቸው። ያለ መሙያ የቀረውንም።

ልክ ነው ስክሪኑ ላይ ፈጦ ቀረ። «ከመሙላት በፊት ነው የበወዝሽው?» አለ። ሌላ ቃል!

«አዎ።»

«እኛ ግን ሁሌ...» አልጨረሰውም። ፕሮፌሰሩን አየና አልጨረሰውም።

ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ይህን ያወቃችሁት መቼ ነው?»

እሱ መነጽሩን አውልቆ መጥረግ ጀመረ። «እኔ የካቲት መጀመሪያ» አልኩ።

ጠብታ ቀና አለች። ያየችው እሱን አይደለም። እኔን ነው። ወንበሯን ሳታንኳኳ ተነሥታ ወጣች።

መጋቢት 7

ሳልነሣ ጋሼ ወጥቶ ሄዷል። በአውቶቡስ ሄድኩ። ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ፣ ማንም አላናገረኝም፣ ተመለስኩ።

እማ በሩ ላይ ጠበቀችኝ። «ባጎረሰ እጁን ነከስሽው። በሰው ፊት!»

«በጓዳማ ነግሬው ነበር እማ።»

«የጓዳ ነገር በጓዳ ይቀራል። ጓዳ የተሠራው ለምን ሆነና!»

ጠብታ ስልክ አታነሣም።

መጋቢት 13

ጋሼ ሥራ መሄድ ትቷል። ንባብ ክፍሉ ውስጥ ነው። የኪቦርዱ ድምፅ ይሰማል፣ ይቆማል፣ ይሰማል። እማ ሻዩን በሩ ላይ ታስቀምጥና ቀዝቅዞ ትመልሰዋለች። እኔን እንደ ዕቃ ትዞረኛለች። አንድ ጣሪያ ሥር ሦስት የተዘጋ በር። መስኮቴ የሚያየው የጎረቤቱን ግንብ ነው። ስንት ዓመት ኖሬበት ግንብ መሆኑን ዛሬ አየሁት።

መሄድ? የት? የማውቀው ሰው ሁሉ በእሱ በኩል ያወቅሁት ነው። ቅጥር ብጠይቅ መጀመሪያ የሚሉኝ «ፕሮፌሰሩ ስለ አንቺ ምን ይላሉ?» ነው። እማን ትቼስ? እማን ይዤስ? እሷ ወንድሟን ትታ የትም አትሄድም...

መጋቢት 17

ጠብታ ላከችልኝ። «አንድ ወር ሙሉ እጄን ስጠላው ቁጭ ብለሽ አየሽኝ።» ይኸው ነው፣ ሌላ የለውም።

ምን ይመለሳል? ጻፍኩ፣ አጠፋሁ፣ ጻፍኩ። በጋሼ አመካኘሁ፣ አጠፋሁት። በእማ አመካኘሁ፣ አጠፋሁት። መጨረሻ ላይ «አዎ» ብዬ ላክሁ።

መጋቢት 20

ከሰዓት በሬ ተንኳኳ። ጋሼ! በገዛ ቤቱ አንኳኳ። ጢሙን አልተላጨም፣ ሸሚዙ ተጨማዷል።

«በወዝኩት» አለ። «ባንቺም መንገድ፣ በራሴም መንገድ። አንቺ ያላሰብሽውንም ሞከርኩ።»

«እና?»

«ይመጣል።» ግድግዳውን ተደገፈ። «የሌለበትም ይመጣል፣ ሒሳቤ።»

ወንበር ሰጠሁት። አልተቀመጠም። ሐኪሟ ጋ ደውሎ ሙከራውን አስቁሟል። ጠብታ ቤት ሄዶ ነበር፤ ደጇ ላይ ቆሞ ይቅርታ ጠይቋታል፣ ሥራሽ ላይ ተመለሺ ብሏታል። ይቅርታውን ተቀብላ ሥራውን አልፈልግም አለችው። «እጄን ይዛ አስገባችኝና ውኃ ሰጠችኝ» አለ። ውኃ መስጠቷ የበለጠ የጎዳው ይመስላል።

«ያቺ ሴትዮስ? ኦክስጂን የምትጎትተዋ?»

«ነገ እነግራታለሁ። እኔው ራሴ።» ከዚያ ሳያየኝ፦ «አንቺም ከኔ ክፍል መውጣት አለብሽ።»

«እያባረርከኝ ነው?»

«አዎ። አይ...» ፊቱን በመዳፉ አሸ። «እኔ ጋ እስካለሽ ያልሽው ሁሉ የእህቱ ልጅ ነች ይባልበታል። ትክክል ብትሆኚም። ይኼ አንዱ ነው። ሌላው... ጠዋት ጠዋት ፊትሽን ማየት አልቻልኩም። ብዋሽሽም ታውቂብኛለሽ።»

ያሳዝነኛል። ያናድደኛል። ስንት ዓመት ሙሉ ራሴ ለመውጣት አስቤ የማላውቀውን በር እሱ ከፍቶ ውጪ አለኝ። በዚህም እሱ ቀደመኝ!

መጋቢት 22

ለሴትዮዋ ነገራት። ምን እንዳለችው በእማ በኩል ሰማሁ፤ አሁን የምንነጋገረው በእሷ በኩል ነው።

«ትንሽ ቀደም ብለው በነገሩኝ» ነው ያለችው።

ከዚያ ወዲህ ምግብ አልበላም አለች እማ። እኔም አልበላም፣ ግን እኔን ማንም አልጠየቀኝም።

ሚያዝያ 2

ሥራ አገኘሁ፣ ስለ እሱ ማንም ያልጠየቀኝ ቦታ። ክፍልም ተከራየሁ። ዕቃዬ ታክሲ ውስጥ ገብቶ ቦታ ተረፈው። እማ አላገዘችኝም። ታክሲው ሊነሣ ሲል ብርድ ልብስ ይዛ ወጣች፣ በመስኮት ጭኔ ላይ አስቀመጠችው። ፊቷን አዙራ። «ሌሊት ይበርዳል» አለች፣ ለአጥሩ።

ሚያዝያ 9

የመጀመሪያዋ ሳምንት። ከሥራ ስመለስ ቁልፉን ይዤ በሩ ላይ ቆሜ እጠብቃለሁ... ማንን? አንድ ሰው ግቢ እስኪለኝ ይመስለኛል። ሰው ከወጣ በኋላም እንዲህ ነው ማለት ነው? ሾርባ ሠራሁ። ጨርሺ የሚል የለም። ጨረስኩ።

ሚያዝያ 24

አዲሱን ሥራ ለምጄዋለሁ ማለት ይቻላል። የእናቶችና ሕፃናት ሆስፒታል፣ የመረጃ ክፍል። ሕፃናት ስንት ኪሎ ተወለዱ፣ የቱ ዋርድ ላይ ትኩሳት በዛ፣ እንዲህ ያለውን ነው የምሠራው። አለቃዬ ቀልደኛ ሴት ነች። መጀመሪያ ቀን ሠንጠረዥ ሰጥታኝ «ምን ይመስልሻል?» ስትል ዝም ብዬ ጠበቅኋት። መልሱን እስክትነግረኝ! «አንቺን ነው ወይስ ወንበሩን ነው የጠየቅሁት?» አለች። ክፍሉ ሳቀ። እኔም።

ጠብታን ባለፈው ሳምንት አውቶቡስ ላይ አገኘኋት። ሌላ ላብራቶሪ ገብታለች። ቦርሳዋን ከጎኗ ወንበር ላይ አነሣችልኝ። ብዙ ፌርማታ አብረን ሄድን። «አልረሳሁትም» አለች። «አውቃለሁ» አልኳት። ልትወርድ ስትል «አንድ ቀን ሻይ እንጠጣለን፣ ዛሬ አይደለም» ብላኝ ወረደች። ይበቃኛል። ከሚገባኝም ይበልጣል።

ዛሬ ምሳ ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። ጋሼ።

ስለ መሙያው ያሳተማቸውን ጽሑፎች ተሳስቻለሁ እያለ እየሰረዘ ነው፣ አንድ በአንድ፣ በገዛ ስሙ። ተማሪው ልክ ነው እያገዘው ነው። «መከራከር ጀምሮልሻል፣ አላስቀምጥ አለኝ» አለ። ሳቅን።

«እናትሽ ደኅና ነች።»

«እግዜር ይመስገን።»

«ክፍሉ ይሞቃል?»

«ይሞቃል ጋሼ።»

«እሑድ ምሳ...» አለና ቆመ። ቀጥሎ የሚመጣውን አውቀዋለሁ። «ነይ» ነው። ዕድሜ ልኬን ነይ ነው፣ ግቢ ነው፣ ድገሚ ነው። አፌ እሺ ሊል ተዘጋጅቶ ነበር።

«ትመጪያለሽ ወይ?» አለ።

ጠየቀኝ። እማ ናፍቃኛለች። እሱም ናፍቆኛል፣ ምን ይደረግ። ግን ያ ኮሪደር፣ ያ ጠረጴዛ...

«አስቤበት ልደውልልህ?»

«አስቢበት» አለ። ሊዘጋ ሲል፦ «ባትመጪም ደውዪ።»

እስካሁን አልወሰንኩም። ልብሴን አጥቤ መስኮቱ ላይ አሰጣሁ፣ ታች ያሉት ልጆች ኳስ ሲጫወቱ ቆሜ አየሁ። ማንም አላስቸኮለኝም። እሑድ ገና ነው።